አንድ ሸክላ ለአንድ ሰሞን

ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ቤት መጣና «ጋሼ፣ ጃዝ ልጀምር ብዬ መቶ ምናምን አልበም አውርጄ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ከየቱ ልጀምር?» አለኝ። ጃዝ መስማት ከጀመርኩ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ከሄደ በኋላ ሳስበው ግን ዋና ዋናውን ሳልነግረው ቀርቻለሁ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ መነሻው ለጠፋበትም የማውቀውን ልጻፍ።

ዘጠና ዘጠኙን ተዋቸው፤ አንዱን ያዝና ከእሱ ጋር ክረም። ለልጁ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው።

እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ሌላ ምርጫም አልነበረኝም። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ በኤሌክትሪክ ጥገና ሥራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ ራዲዮ ነው። ቀን የሚንጫጫው አጭር ሞገድ ማታ ሲሆን ጥርት ብሎ ይገባል። ከእራት በኋላ ቀስ አድርጌ ሳዞረው የአሜሪካ ድምፅን የጃዝ ፕሮግራም አገኝ ነበር። አዘጋጁ ዊሊስ ኮኖቨር ይባላል። ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1996 እስኪሞት ድረስ ሥራውን አልተወም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ አድማጭ ብሎ ረጋ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ነው የሚናገረው። መግቢያው የዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራ የሚጫወተው «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» ነበር። የሙዚቀኞቹ ስም በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ እንደሰማሁት በአማርኛ ደብተሬ ላይ እጽፈው ነበር። ደብተሩ ዛሬም አለ። ከአልጀብራ የቤት ሥራ ሥር «ቴሎንየስ መንክ» ይላል።

ራዲዮ የሰጠኝ ትምህርት ይህ ነው፦ ያለፈ ዘፈን አይመለስም። ማክሰኞ ማታ የሰማሁትን ደግሜ ለመስማት አንድ ዓመት የጠበቅሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሲመጣ እንቅስቃሴ አቁሜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰማው። መቶ አልበም ኪሱ ውስጥ ያለ ልጅ ይህን እንዴት ያገኘዋል? ሆን ብሎ ካልቀነሰ አያገኘውም።

ዱክ ኤሊንግተን ራሱ በ1966 ዓ.ም. ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ እንደመጣ፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት እንደሠራ የሰማሁት ሰውየው ከተመለሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያንገበገበኝ ዛሬም አልወጣልኝም። ቀጥሎ ዘመኑ ተለወጠ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ ለብዙ ዓመት የማታ ሙዚቃዬ ጆሮዬን ከስፒከሩ ጨርቅ ጋር አጣብቄ የምሰማው ብቻ ሆነ።

የትኛውን ልያዝ ለሚለኝ መልሴ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። ሁሉም የሚያወድሰው ስለሆነ አይደለም፤ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሚሆንበት ምክንያት ስላለው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ. በሁለት ቀን ብቻ ተቀረጸ፤ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22። ትራምፔቱ ማይልስ፣ ሳክስፎኖቹ ጆን ኮልትሬንና ካኖንቦል አደርሊ፣ ፒያኖው ቢል ኢቫንስ (በአንዱ ዜማ ላይ ዊንተን ኬሊ)፣ ቤዙ ፖል ቼምበርስ፣ ድራሙ ጂሚ ኮብ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ጃዝ ብዙው ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ለጀማሪ ሩጫ ነው። «ሶ ዋት» የሚባለው የመጀመሪያው ዜማ ግን አሥራ ስድስት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) አንድ ስኬል፣ ማለትም አንድ የድምፅ መሰላል ላይ ይቀመጣል፣ ስምንት ባር በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ስምንት ባር ወደ ቤቱ ይመለሳል። አለቀ። እኛ ደግሞ በአንድ ቅኝት ውስጥ መቀመጥ እናውቅበታለን። አዝማሪው ማሲንቆውን በትዝታ ከቃኘ ሌሊቱ እስኪጋመስ ትዝታ ላይ ቢቆይ ማንም «ቀይርልን» አይለውም። ልዩነቱ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ፣ የ«ሶ ዋት» ስኬል ሰባት ድምፅ መሆኑ ነው።

አሰማሙ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ትራምፔቱን አትከተል፤ ቤዙን ብቻ ተከተል። ከጸጥተኛው መግቢያ በኋላ ቤዙ ብቻውን አንድ ሐረግ ይላል፣ ሌሎቹ በሁለት ምት ይመልሱለታል። የእኛ ዘፈን አውጪና ተቀባይ ማለት ነው። ያንን ሐረግ በአፍህ እስክታንጎራጉረው ድረስ ወደፊት አትሂድ። በሁለተኛው ሳምንት ድራሙን፣ በሦስተኛው ፒያኖውን ያዝ። በአራተኛው ሁሉንም ልቀቀውና ዝም ብለህ ስማ። ያን ጊዜ ስድስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲነጋገሩ ትሰማለህ።

ለዚህ ደግሞ የስልክ ስፒከር አይሆንም። የልጁ ችግር ግማሹ ይኸው ነበር። ያቺ ትንሽ ስፒከር የቤዝን ድምፅ ማውጣት አትችልም፤ ቤዝ የሌለው ጃዝ ደግሞ ወለል የሌለው ቤት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆንበት አይፈረድበትም። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁለትና «ሶ ዋት»ን ከፈትኩለት። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይኼ ከታች ያለው ነገር ትናንትም ነበር?» አለኝ።

የዚሁ አልበም «ኦል ብሉዝ» በስድስት ምት የሚሄድ ነው። የእኛም ጭፈራ ብዙው በስድስት ስለሚቆጠር አስተማሪ አያስፈልገውም። ባለቤቴ ጃዝን እንደ እኔ አትወድም። አንድ ቅዳሜ ግን ቡና እየቆላች ሳለ ይህ ዜማ ገባ፤ መቁያውን የምታወዛውዝበት እጇ ሳታውቀው ከጂሚ ኮብ ድራም ጋር ገጠመ። ዝም ብዬ አየኋት፤ እስኪያልቅ ድረስ አንድም አልሳተችም።

ስለዚህ አልበም አንድ ነገር ልጨምር፣ ሸክላና ካሴት ለምትሰበስቡ ይጠቅማችኋል። እኔ ለሃያ ምናምን ዓመት የሰማሁት አንድ የውጭ አገር መምህር ከሸክላው የገለበጠልኝን ካሴት ነበር። በኋላ የወንድሜ ልጅ ሲዲውን አመጣልኝ። ስከፍተው «ሶ ዋት» ከማውቀው በጥቂቱ ወረድ ብሎ፣ ዘግየት ብሎ መጣብኝ። የጥገና ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት የካሴት ማጫወቻዬን ቺንጋ ነው። ፈትቼ ቀየርኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሚለያዩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዜማዎች ብቻ ናቸው፤ የሸክላው ሁለተኛ ፊት ላይ ያሉት ሁለቱ ከሲዲው ጋር ልክ ናቸው። ማጫወቻዬ ቢሆን ሁሉንም በበደለ ነበር። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ሦስቱ ዜማዎች በተቀረጹበት በመጀመሪያው ቀን የመቅረጫው ማሽን ዘግይቶ ይዞር ስለነበር፣ ቅጂው በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ሸክላው ላይ ፈጠን ብለው ወጥተዋል፤ የተስተካከለው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በታተሙት ቅጂዎች ነው። ስለዚህ አሮጌውን ሸክላ ስታገኙ ማጫወቻችሁን አትፍቱ። እኔ አሁንም የምወደው ፈጠን ያለውን ነው፤ ጆሮዬ ያደገው በእሱ ነው።

የፍጥነት ነገር ከተነሳ፣ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ የምታስመጡ ተጠንቀቁ። ለእኔም ዘመድ ልኮልኝ በትራንስፎርመር 220ውን ወደ 110 አውርጄ ሰካሁት። ዞረ፤ ግን ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጀራልድ የወንድ ድምፅ ሆነች። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይለውጥም። የእነሱ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ በፍሪኩዌንሲው ልክ የሚዞር ዓይነት ከሆነ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ያለበት ሸክላ 28 እንኳ አይሞላም። እኔ ቶርኖ ቤት ሄጄ የሞተሩን ፑሊ ዲያሜትር በአንድ አምስተኛ ጨምረው እንዲያወጡልኝ አደረግሁና ተስተካከለ። በዲሲ ሞተር የሚሠራው ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ። ኮልትሬን ለእኔ ቶሎ አልገባኝም፤ ሁለት ዓመት ያህል ጩኸት ነበር። የከፈተልኝ የእኛው ሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው ሽለላን፣ ያንን በጦር ሜዳ አፍ የሚወጣውን ቃል፣ በቴነር ሳክስፎን የተናገረ ሰው ነው። ሲነፋ ዜማ ብቻ አይደለም የምትሰማው፤ «ዘራፍ!» የሚል ሰው ቆሞ ይታይሃል። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ አዝማሪው አፉን ዘግቶ ገመዱ ስንኙን ሲጨርስለት ሁላችንም ሰምተናል። ይህን ይዤ ወደ ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ተመለስኩ። በዲሴምበር 9 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. ከማኮይ ታይነር፣ ከጂሚ ጋሪሰንና ከኤልቪን ጆንስ ጋር የቀረጸው፣ አራት ክፍል ያለው ምስጋና ነው። በመጨረሻው ክፍል ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት ቃል በቃል በሳክስፎኑ ነው የሚያነበው፤ ጸሎቱም አልበሙ ላይ ታትሟል። ወረቀቱን ይዤ በጣቴ እየተከተልኩ የሰማሁበትን ማታ አልረሳውም። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን የምሕላ ድምፅ እየሰማ ላደገ ሰው፣ አንድ ቃል እየደጋገሙ እግዚአብሔርን መለመን ባዕድ አይደለም። የሚከብደው እንግዲህ መሣሪያው ብቻ ነበር። ጌታቸውንና ኮልትሬንን በአንድ ማታ አከታትላችሁ ስሙ፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ያጥርላችኋል።

ሙላቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አምስቱን ድምፅ ሳይሰብር ሥሩ የጃዝ ሃርመኒና የላቲን ከበሮ ማስገባቱን ለመስማት «የከርሞ ሰው»ን እንደ «ሶ ዋት» በቤዙ ጀምሩት። በ1998 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ያወጣው ስብስብ ለጀማሪ ይበቃል።

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን የቢል ኢቫንስ ነው። እሑድ ጁን 25 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. ቪሌጅ ቫንጋርድ በምትባል ኒው ዮርክ ውስጥ ባለች ምድር ቤት፣ ቢል ኢቫንስ፣ ስኮት ላፋሮና ፖል ሞሺያን ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ተቀረጹ። «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» የተባለው አልበም አንዱ ፍሬው ነው። ላፋሮ ቤዙን ሥር ሆኖ አይጠብቅም፤ ከፒያኖው ጋር እኩል ያወራል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያች እሑድ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው በመኪና አደጋ ሞተ። ቅጂው ውስጥ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ፣ አንዲት ሴት ስትስቅ ይሰማል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ብርጭቆው የት ቦታ እንደሚጋጭ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ባይመጣ ይጎድለኛል። ከእሱ ቀጥሎ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አስከትላለሁ። እሳቸውን ጃዝ ልል አልደፍርም፤ የእኔ መደርደሪያ ላይ ግን ከቢል ኢቫንስ ጎን ነው የተቀመጡት። ምት አይቆጥሩም፤ የጣና ሞገድ ማታ ዳር ሲመታ እንደሚያደርገው አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ይቸኩላል።

በቀን ውስጥ ምን ያህል ትሰማለህ የሚሉኝ አሉ። አንድ የሸክላ ፊት ጠዋት፣ አንዱን ማታ፤ ሁለቱ ተደምረው አርባ ደቂቃ ቢሆኑ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ በኩል ወርጄ በሐይቁ ዳር እራመዳለሁ፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ ምንም አላደርግም። ወፉም፣ የደንገል ታንኳው ቀዘፋም፣ ቅዳሴውም ይበቃኛል። ስመለስ ጆሮዬ የታጠበ ያህል ይሆናል። በሰሞነ ሕማማት ምንም አልከፍትም። የፋሲካ ጠዋት የምከፍተው የመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሉዊስ አርምስትሮንግ በ1928 እ.ኤ.አ. የቀረጸው «ዌስት ኤንድ ብሉዝ»። ትራምፔቱ ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል። ከሳምንት ዝምታ በኋላ ያንን መስማት ምን እንደሚያደርግ ያደረገው ያውቀዋል።

አሁን ስለ ዕቃው። ባሕር ዳር የሐይቅ ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሽፋኑም ካሴቱም ይሻግታል። መደርደሪያችሁ ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ከኋላው አንድ ጋት ያህል አየር ይለፍበት። ሸክላ ይቁም እንጂ አይነባበር፤ የተነባበረ ይጣመማል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፤ የካሴት ሳጥን ውስጥ ክተቷቸው። የቡናው ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥም ሸክላ አታስቀምጡ። ጭሱ ቀስ እያለ በጎድጎዱ ውስጥ ይጋገርና መርፌው ላይ ይሰበሰባል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

የቆሸሸ ሸክላ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ሲደርቅ ነጭ ይተዋል። ጋራዥ አካባቢ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዙ። ስትገዙ ግን «ውሃ» መሆኑን ደጋግማችሁ ጠይቁ፣ አሲዱም እዚያው አጠገቡ ነው የሚሸጠው። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩበት፣ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጎድጎዱን ተከትላችሁ በክቡ አጥቡ፣ መሃል ላይ ያለው ወረቀት እንዳይነካው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁና ጥላ ላይ አቁሙት። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን የጥንቶቹን ግን አልኮል አታስነኳቸው፣ ይሟሟሉ። መርፌው ዘለለ ብላችሁ ራሱ ላይ ሳንቲም አትጫኑ። አንድ ጠጋኝ እንዲህ አድርጎልኝ አንድ ሙሉ ዓመት ሳላውቅ ስንቱን ሸክላ አርሼበታለሁ። መርፌ የሚፈልገው ክብደት ብዙውን ጊዜ ሁለት ግራም ገደማ ነው። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ መጀመሪያ ክንዱን አንሱ፣ ቀጥሎ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ከዲቫይደሩ ላይ አስቀድሞ የተሰካ ነገር አይኑር።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት ቆርቆሯችን አፍስሶ አርባ ምናምን ካሴት አበላሸብኝ። ከራዲዮ የቀዳኋቸው ነበሩ፤ የሚተካቸው የለም። የሻገተ ካሴት አገኛችሁ እንበል፤ በፍጹም አታጫውቱት፣ ሪባኑ ይበጠሳል፣ የቴፑንም ራስ ያበላሻል። ጥላ ላይ ብዙ ቀን ይድረቅ። ከዚያ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከታችሁ በእጅ ቀስ እያላችሁ ከዳር ዳር አዙሩት፣ ነጩን በደረቅ ጨርቅ እየጠረጋችሁ። የካሴቱ ቤት ከተበላሸ በብሎን የሚፈታ ሌላ ካሴት ፈልጋችሁ ሪባኑን አዛውሩት። እኔ በዚህ መንገድ ከአርባው አሥራ አንዱን አትርፌአለሁ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ በማይክ የተቀዳች ናት። ቴፑን ከራዲዮው ጋር የማገናኝበት ገመድ ስላልነበረኝ ማይኩን ፊቱ ላይ አስቀምጬ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝቼ ነበር። «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» ይጀምራል፣ የኮኖቨር ድምፅ ይገባል፣ ከዚያ ከኩሽና በኩል እናቴ «አንተ ልጅ! እራቱ ቀዘቀዘ እኮ!» ትላለች። ዝም ስላልኩ ትንሽ ቆይታ ትደግመዋለች። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ቀረብ ይላል፤ በሩ ሲከፈት ይሰማል፣ ከዚያ ምንም አትልም። ቆማ እየሰማች ነበር።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥልኝ እዚህች ላይ ሲደርስ «አባባ፣ ይህን የሰው ድምፅ ቆርጬ ላጽዳልዎት?» አለኝ። እንዳትነካው አልኩት። አሁን ስልኬ ላይ አለች፤ ለጎረቤታችን ልጅም በጆሮ ማዳመጫ አሰምቼዋለሁ።